የቤት አየር ማቀዝቀዣ የመበላሸት ምልክቶች

የቤት አየር ማቀዝቀዣ የመበላሸት ምልክቶች ማሽኑ ጨርሶ ከመቆሙ ቀደም ብሎ በሚነፍሰው አየር ቅዝቃዜ፣ በድምፁ፣ በሽታው፣ በሚያንጠባጥበው ውኃና በሚወስደው የኤሌክትሪክ መጠን ላይ የሚታዩ ለውጦች ናቸው። አየር ማቀዝቀዣ በንግግር «ኤሲ» ወይም «ኤር ኮንዲሽነር» ይባላል። የአብዛኞቹ ምልክቶች መነሻ ቀላል ነገር ነው፦ የቆሸሸ ማጣሪያ፣ የላላ ዳዶ፣ የደከመ ካፓሲተር፣ ዝቅ ያለ የኤሌክትሪክ ኃይል። በጊዜያቸው ካልተስተካከሉ ግን ጉዳቱ በስተመጨረሻ የሚያርፈው ከማሽኑ ክፍሎች ሁሉ ውድ በሆነው በኮምፕሬሰሩ ላይ ነው። ኮምፕሬሰር ከተቃጠለ ደግሞ የጥገናው ወጪ ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ ማሽን ዋጋ ይጠጋል። ከዚህ በታች የትኛው ምልክት ማጠብን ብቻ እንደሚጠይቅ፣ የትኛው ባለሙያ መጥራትን፣ የትኛው ደግሞ ማሽኑን ወዲያውኑ ማጥፋትን እንደሚጠይቅ ተለይቶ ቀርቧል።

አሠራሩ በአጭሩ

አየር ማቀዝቀዣ ሙቀትን ከቤት ውስጥ አንስቶ ወደ ውጭ የሚያወጣ ማሽን ነው። በዝግ የመዳብ ቱቦ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ በውስጠኛው ክፍል (ኢቫፖሬተር) ከፈሳሽነት ወደ ተን ሲለወጥ የቤቱን ሙቀት ይስባል። ኮምፕሬሰሩ ተኑን ጨምቆ ግፊቱንና ሙቀቱን ከፍ በማድረግ ወደ ውጨኛው ክፍል (ኮንደንሰር) ይልከዋል። እዚያ ፋኑ በሚነፍስበት አየር ሙቀቱን ጥሎ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በጠባብ ቱቦ ወይም በቫልቭ ሲያልፍ ግፊቱ ስለሚወርድ እንደገና ይቀዘቅዛል፤ ዑደቱም ይቀጥላል።

የዘመናዊው አየር ማቀዝቀዣ ፈር ቀዳጅ የሚባለው አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር የመጀመሪያውን ንድፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1902 በኒውዮርክ ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት ነው። ማተሚያ ቤቱን ያስቸገረው የሠራተኛው ሙቀት አልነበረም፤ ወረቀቱን እያሳበጠ ቀለሙን የሚያዛንፈው እርጥበት ነበር። ዛሬም ማሽኑ ሲሠራ ውኃ የሚያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው፦ አየሩን ሲያቀዘቅዘው እርጥበቱም አብሮ ይወጣል።

በወሎና በአጎራባች ቆላ

ኩታበርና ደሴ ደጋ ናቸው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በተራ መኖሪያ ቤት አየር ማቀዝቀዣ እምብዛም አያስፈልግም፤ ሰው ከሙቀት ይልቅ የሚጨነቀው ለብርዱ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ከፍታው በ600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል፤ አየሩም ሞቅ ይላል። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ግን ነገሩ በጥቂት ሰዓት ጉዞ ይገለበጣል። በአፋር ክልል ዋና ከተማ በሰመራና በዙሪያዋ አየር ማቀዝቀዣ ምቾት ብቻ አይደለም። በሞቃት ወራት ሌሊቱም ስለማይቀዘቅዝ ማሽኑ ሲቆም በመጀመሪያ የሚጎዱት ሕፃናት፣ አረጋውያንና ሕሙማን ናቸው። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ ሑመራና መተማ የሚኖር ሰውም ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል።

የአየር ንብረቱ ልዩነት ምልክቶቹን በማንበብ ላይ ለውጥ ያመጣል። በማሽኑ ጀርባ ወይም ጎን ባለው የመረጃ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ «ቲ1» ወይም «ቲ3» የሚል ምልክት አለ። ቲ1 የሚባለው የማሽኑ አቅም የተለካው የውጭው አየር 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ነው፤ ቲ3 ደግሞ በ46 ዲግሪ። ስለዚህ በኮምቦልቻ ያለ ችግር የሚሠራ የቲ1 ማሽን ወደ ሰመራ ወርዶ ቢተከል፣ በቀትር የውጭው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሊደክምና ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ለቦታው ያልተመረጠ ማሽን ነው። ማሽን «ተበላሸ» ከመባሉ በፊት ይህን ሰሌዳ ማንበብ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የቅዝቃዜ መቀነስ

በጣም የተለመደው ምልክት ማሽኑ እየሠራ ቤቱ አለመቀዝቀዙ ነው። ስሜት አታላይ ስለሆነ መለካት ይሻላል። ማሽኑን ለ15 ደቂቃ አሠርቶ ከላይ የሚገባውንና ከታች የሚወጣውን አየር በተራ ቴርሞሜትር ማየት ይቻላል። ጤናማ ማሽን ላይ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ በቂ ሆኖ ቤቱ ግን ካልቀዘቀዘ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ውጭ ነው፦ ክፍሉ ለማሽኑ ሰፊ ነው፣ በር ክፍት ነው፣ ወይም የቆርቆሮው ጣሪያ ኮርኒስ የለውም።

ልዩነቱ ካነሰ መጀመሪያ የሚታየው ማጣሪያው ነው። የውስጠኛውን ክፍል ሽፋን ከፍቶ የፕላስቲኩን ወንፊት ማውጣት፣ በውኃ አጥቦ በጥላ ማድረቅና መመለስ መሣሪያ አይፈልግም። አቧራ በሚበዛበት ቦታ በየሁለት ሳምንቱ ማድረግ ይገባል። ቀጥሎ የውጨኛው ክፍል ይታያል። በአሉሚኒየም ክንፎቹ መሐል አቧራ፣ ፌስታል ወይም ቅጠል ከተጠቀጠቀ ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ይዘጋል። ኃይሉ ከቆጣሪው ሥር ወይም ከሳልቫቢታው ከጠፋ በኋላ በቀስታ በሚፈስ ውኃ ይታጠባል። በኃይለኛ ግፊት የሚረጭ የመኪና ማጠቢያ ክንፎቹን ስለሚያጣምም አይመከርም።

ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ቅዝቃዜው ካልተመለሰ ጥርጣሬው ወደ ጋዙ ይሄዳል።

«ጋዝ ጨረሰ» የሚለው አባባል

በአገራችን ኤሲ ወይም ፍሪጅ ሳያቀዘቅዝ ሲቀር በመጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ጋዝ ጨርሷል» ነው። አባባሉ ከቡታጋዝና ከመኪና ነዳጅ የተወሰደ ይመስላል፤ እነርሱ ይነዳሉ፣ ያልቃሉ፣ ይሞላሉ። የአየር ማቀዝቀዣ ጋዝ ግን ማሽኑ ሲሠራ እንደ ነዳጅ እየነደደ አያልቅም። በዝግ ቱቦ ውስጥ እየተመላለሰ ማሽኑ እስኪያረጅ ድረስ የፋብሪካው ልክ ሊቆይ ይገባዋል። ስለዚህ ጋዙ ከቀነሰ ቱቦው የሆነ ቦታ ላይ ቀዳዳ አለው ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ጋዝ መሙላት በተበሳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው፤ ለጥቂት ወራት ያቀዘቅዛል፣ ከዚያ እዚያው ይመለሳል።

ጉዳቱ በተደጋጋሚ በሚወጣው ገንዘብ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በአብዛኞቹ የቤት ማሽኖች ኮምፕሬሰሩን የሚያቀዘቅዘው ተመልሶ የሚመጣው ቀዝቃዛ ጋዝ ራሱ ነው፤ ዘይቱንም ይዞ የሚመለሰው ይኸው ጋዝ ነው። ጋዝ ሲያንስ ኮምፕሬሰሩ ይግላል፣ ዘይት ያጥረዋል፣ ቆይቶም ይነክሳል። በየዓመቱ «ጋዝ የሚሞላ» ማሽን በየዓመቱ ወደ ኮምፕሬሰር መቃጠል አንድ እርምጃ እየቀረበ ነው።

የመፍሰስ ምልክቶች በዓይን ይታያሉ። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ በናስ ዳዶዎቹ ዙሪያ ቅባትማ እድፍና እዚያ የተለጠፈ አቧራ ይገኛል። ወፍራሙ ቱቦ በጤናማ ማሽን ላይ ቀዝቃዛና ላብ ያለው ነው፤ ጋዝ ሲያንስ ይደርቃል፣ ቀጭኑ ቱቦ ግን ከመጋጠሚያው አጠገብ በረዶ ይይዛል። የልብስ ሳሙና አረፋ በመጋጠሚያው ላይ ቀብቶ አረፋው መንፈሉን ማየት ርካሹና ዛሬም ድረስ አስተማማኙ መፈተሻ ነው። ባለሙያ ሲመጣ «ስንት ያስከፍላል?» ከማለት በፊት «የት ነው የሚያፈሰው?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። መልሱ «ዝም ብሎ አልቆ ነው» ከሆነ ሌላ ባለሙያ መፈለግ አይከፋም።

የጋዙ ዓይነትም መታወቅ አለበት። በአሮጌ ማሽኖች ውስጥ ያለው አር-22 የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከአገልግሎት እየወጣ ነው፤ በታዳጊ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2030 ጀምሮ ከጥቂት የጥገና ፍጆታ በስተቀር እንዲቆም ተወስኗል። አር-410ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ግፊቱ ግን ከአር-22 በ60 በመቶ ገደማ ስለሚበልጥ በአሮጌ የአር-22 ማሽን ውስጥ ቢሞላ አደገኛ ነው። አዲሶቹ ማሽኖች የሚጠቀሙበት አር-32 በመጠኑ ተቀጣጣይ ነው። ስለዚህ ቱቦው ውስጥ ጋዝ እያለ መበየድ፣ ወይም ሲጋራ ይዞ መሥራት ክልክል ነው።

በረዶና ውኃ

በውስጠኛው ክፍል ላይ በረዶ መሥራት ብዙ ሰው ማሽኑ «በደንብ እያቀዘቀዘ» እንደሆነ አድርጎ ይወስደዋል። ተቃራኒው ነው። በረዶ የሚሠራው ወይ አየር በበቂ መጠን ሳያልፍ ሲቀር (የቆሸሸ ማጣሪያ፣ የደከመ ፋን) ወይም ጋዝ ሲያንስ ነው። በረዶው ሲወፍር አየሩን ጨርሶ ይዘጋል፤ ያልተነነ ፈሳሽ ጋዝም ወደ ኮምፕሬሰሩ ሊመለስ ይችላል። ኮምፕሬሰር ተን እንዲጨምቅ የተሠራ ስለሆነ ፈሳሽ ሲገባበት ቫልቮቹ ይሰበራሉ። በረዶ የታየበትን ማሽን ማጥፋት፣ በረዶው በራሱ እስኪቀልጥ መተውና ማጣሪያውን ማጠብ ተገቢ ነው። በካቻቢቴ መፈልፈል ቱቦውን ይበሳል፤ የተበሳ ኢቫፖሬተር ደግሞ ቀላል ጥገና አይደለም። ከታጠበ በኋላ በረዶው ተመልሶ ከመጣ ጉዳዩ የጋዝ ወይም የፋን ሊሆን ይችላል።

ከቤት ውስጥ የሚንጠባጠብ ውኃ ግን በአብዛኛው አያስፈራም። የማፍሰሻው ቱቦ በአቧራና በሻጋታ ሲደፈን ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ በግድግዳው ላይ ይወርዳል። ቱቦውን ማጽዳት ይበቃል። ውኃው በኤሌክትሪክ ሶኬት ላይ የሚወርድ ከሆነ ግን ቅድሚያ ኃይሉ ይጠፋል።

ድምፅ

ባለቤቱ የማሽኑን የዘወትር ድምፅ ስለሚያውቀው ለውጡን ከባለሙያው ቀድሞ ይሰማል። የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ብዙ ጊዜ የላላ ቡሎን ወይም ያረጀ የእግር ጎማ ነው። የሚያፏጭ ወይም የሚፍጨረጨር ድምፅ የፋኑ ኩሽኔታ ማለቁን ያሳያል። ኩሽኔታ በራሱ ርካሽ ነው፤ የውጭው ፋን ሲቆም ግን ኮምፕሬሰሩ ሙቀቱን የሚጥልበት አጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። ስለዚህ የውጭው ፋን ሳይዞር ኮምፕሬሰሩ ሲያጉረመርም ከተሰማ ማሽኑ በዚያው ቅጽበት መጥፋት አለበት። «እስኪ ትንሽ ልየው» የሚባልበት ጊዜ አይደለም።

ሌላው ትኩረት የሚሻው ድምፅ ይህ ነው፦ ኮምፕሬሰሩ «እምምም» ብሎ ለጥቂት ሴኮንድ ያጉረመርማል፣ አይነሣም፣ ቀጭ ብሎ ይቆማል፤ ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና ይሞክራል። ቀጭ የሚለው የሙቀት መከላከያው ነው። ኮምፕሬሰር ሊነሣ ሲል የሚስበው የኤሌክትሪክ ፍሰት ከዘወትሩ 5 እጥፍና ከዚያም በላይ ስለሚሆን እያንዳንዱ ያልተሳካ ሙከራ ጠመዝማዛ ሽቦውን ያግለዋል። ምክንያቱ የደከመ ካፓሲተር፣ ዝቅ ያለ ኃይል ወይም የነከሰ ኮምፕሬሰር ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው በጥቂት ብር ይስተካከላል፤ የመጨረሻው አይስተካከልም። በዚህ ምልክት ማሽኑን ለቀናት ማሠራት ርካሹን ብልሽት ወደ ውዱ ይለውጠዋል።

የካፓሲተሩ ሁኔታ በዓይንም ይታያል፦ አናቱ ያበጠ ወይም ዘይት ያፈሰሰ ካፓሲተር አልቆለታል። በመለኪያ ሲታይ ከተጻፈበት መጠን ከ5 ወይም 6 በመቶ በላይ ከቀነሰ ይቀየራል፤ ለምሳሌ 35 ማይክሮፋራድ የተጻፈበት 28 ካሳየ ኮምፕሬሰሩን የማስነሣት አቅሙ ወርዷል። ካፓሲተር ኃይሉ ከተቋረጠም በኋላ ቻርጅ ይይዛል፤ ያልሠለጠነ ሰው በእጁ ሊነካው አይገባም።

ሽታ

የሻጋታ ወይም የእርጥብ ልብስ ሽታ የውስጠኛው ክፍል መታጠብ እንዳለበት ይናገራል። የሚቃጠል ፕላስቲክ ወይም ጎማ ሽታ ግን ሽቦ እየጋለ መሆኑን ስለሚያመለክት ሳልቫቢታው ወርዶ ምክንያቱ እስኪታወቅ አይመለስም። የቀለጠ ሶኬት ወይም የጠቆረ መሰኪያም ከዚሁ ይቆጠራል። ኤሲ ራሱን የቻለ መስመርና ተስማሚ ውፍረት ያለው ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ከፍሪጅና ከምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ የተሰካ ኤሲ ማሽኑ ቢቆይ እንኳ ሽቦው አይቆይም።

የኤሌክትሪክ ኃይል

የኢትዮጵያ የቤት መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ምሽት ላይ ሁሉም ቤት ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ግን ከትራንስፎርመር በራቀ ቤት ኃይሉ በእጅጉ ሊወርድ ይችላል። ሞተር የሚነሣበት ጉልበት ከቮልቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የመነሻ ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይወርዳል። ኮምፕሬሰሩ ማታ ማታ እየተቸገረ ቀን በደህና የሚነሣ ከሆነ ብልሽቱ ከመስመሩ ነው። በመለኪያ አይቶ ማረጋገጥና ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከት ወይም ተመጣጣኝ አቅም ያለው ስታቢላይዘር መግዛት ኮምፕሬሰር ከመቀየር ይቀላል።

ከመቋረጡ ይልቅ የሚጎዳው አመላለሱ ነው። መብራት ጠፍቶ በሴኮንዶች ውስጥ ሲመለስ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ገና አልተስተካከለም፤ ኮምፕሬሰሩ በዚያ ግፊት ላይ ሊነሣ ሲል ይታነቃል። ግፊቱ እስኪስተካከል 3 ደቂቃ ገደማ መጠበቅ ያስፈልጋል። ብዙ ማሽኖች ይህን መዘግየት ውስጣቸው አላቸው፤ ለሌላቸው የማዘግያ ሰዓት ያለው መከላከያ ይሸጣል። መብራት ሲጠፋ ሶኬት የመንቀል የቤት ልማድ አለ፤ እናቶቻችን ሥርዓቱን ሳይማሩ የደረሱበት ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው።

የፍጆታ መጨመርም ምልክት ነው። በተለምዶ 12,000 ቢ.ቲ.ዩ የሚባለው የመኝታ ቤት ማሽን 3.5 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ያወጣል፤ ለዚህም እንደ ዓይነቱ 1 ኪሎዋት ገደማ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፍቶ ማሽኑን ብቻ ለአንድ ሰዓት በማሠራት በካርድ ቆጣሪው ላይ የቀነሰውን ኪሎዋት ሰዓት መመዝገብ ይቻላል። ማሽኑ አዲስ ሳለ የተመዘገበ ቁጥር ካለ በተመሳሳይ የአየር ሁኔታ በየዓመቱ ማወዳደር ቀላል ነው። ቁጥሩ ጨምሮ ቅዝቃዜው ከቀነሰ ማሽኑ እየለፋ ነው፤ በመጀመሪያ የሚጠረጠረውም የቆሸሸ ኮንደንሰር ነው።

ኮምፕሬሰሩ ሲያበቃ

እስካሁን የተጠቀሱት በአብዛኛው የሚጠገኑ ናቸው። የሚከተሉት ግን የኮምፕሬሰሩ የራሱ መጨረሻ ምልክቶች ናቸው፤ በባለሙያ መለኪያ ይረጋገጣሉ።

የመጀመሪያው ማሽኑ ሲበራ ሳልቫቢታው ወዲያውኑ የሚወርድ ከሆነ ነው። የኮምፕሬሰሩ ገመዶች ተነቅለው ሲሞከር ሳልቫቢታው ከቆመ፣ ሲመለሱ ከወረደ፣ ጠመዝማዛው ሽቦ ከብረቱ አካል ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ይህ ለሕይወትም አስጊ ነው፤ የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት የማሽኑ ቆርቆሮ ሰው ሊይዝ ይችላል። ሳልቫቢታው «እየወረደ አስቸገረ» ተብሎ በትልቅ መቀየሩ፣ ወይም በቫልቮላ ፋንታ ወፍራም ሽቦ መታሠሩ፣ ማሽኑን ሳይሆን ቤቱን ለአደጋ ማዘጋጀት ነው።

ሁለተኛው ምልክት ጸጥተኛ ስለሆነ በቀላሉ ይስታል። ኮምፕሬሰሩ ይሠራል፣ ድምፁም ደህና ነው፣ ቅዝቃዜ ግን የለም። ጌጅ ሲገጠም የዝቅተኛው ግፊት ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ፣ የከፍተኛው ደግሞ ዝቅ ብሎ ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ የሚስበው የኤሌክትሪክ ፍሰትም ከሰሌዳው ያንሳል። የውስጥ ቫልቮቹ አልቀው መጭመቅ አቅቶታል። ይህን ከጋዝ ማነስ የሚለየው የዝቅተኛው ግፊት ነው፤ ጋዝ ሲያንስ ሁለቱም ግፊቶች ይወርዳሉ። ይህን ልዩነት ሳያዩ «ጋዝ ጨርሷል» ብሎ መሙላት በገንዘብ ረገድ ከሁሉም የከፋው ስሕተት ነው፤ ጋዙም ይወጣል፣ ኮምፕሬሰሩም አይድንም።

ሦስተኛው የተቃጠለ ኮምፕሬሰር ነው። ዘይቱ ጠቁሮ የሚከረፋ ሽታ ይኖረዋል፤ አሲድም በቱቦው ሁሉ ይሰራጫል። ቱቦው ሳይታጠብና የማድረቂያ ማጣሪያው ሳይቀየር አዲስ ኮምፕሬሰር ቢገጠም አሲዱ እርሱንም ይበላዋል። «አዲስ ኮምፕሬሰር ገዝቼ በሦስት ወር ተቃጠለ» የሚል ቅሬታ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ከፍታና የጌጅ ንባብ

በደጋ ለሚሠራ ባለሙያ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጌጅ የሚያሳየው ከአካባቢው የአየር ግፊት በላይ ያለውን ነው። በደሴ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ በአካባቢው ግፊት ዜሮ የተደረገ ጌጅ ለተመሳሳይ የጋዝ ሁኔታ 4 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ከፍ አድርጎ ያነባል። የአር-22 ማሽን ሲሠራ የዝቅተኛው ግፊት በባሕር ጠለል 68 ፒ.ኤስ.አይ አካባቢ (4 ዲግሪ ተኩል ላይ) የሚሆን ከሆነ በደሴ ወደ 72 ይጠጋል። በትልልቅ ስሕተቶች ፊት ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ልክ ላይ ለሚሠራ ሰው ግን ያስፈልጋል።

የቫክዩም ንባብ ላይ ልዩነቱ ይጎላል። ቱቦው ከተበየደ በኋላ አየርና እርጥበት በቫክዩም ፓምፕ መውጣት አለበት። መጻሕፍቱ የጌጁ መርፌ ወደ 30 ኢንች እንዲወርድ ያዛሉ፤ በደሴ ግን ፓምፑ ምንም ጥሩ ቢሆን መርፌው 22 ኢንች አካባቢ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ የሚወጣ አየር የለምና። ይህን ያላወቀ ተማሪ ፓምፑን ወይም ቱቦውን ያማል። ስስ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙም ስለሚያንስ በደጋ የተተከለ ኮንደንሰር ንጽሕናው ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ በጎን ግን የውጭው አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ያካክሳል። በደሴና በኮምቦልቻ በሰርቨር ክፍሎችና በመሰል ቦታዎች ቀንና ሌሊት የሚሠሩ ማሽኖች ከቤት ማሽን በፊት የሚያረጁትም ዕረፍት ስለሌላቸው ነው።

ፍሪጅ

በኩታበርና በደሴ ቤቶች የኤሲው የቅርብ ዘመድ ፍሪጅ ነው። ኮምፕሬሰሩ፣ የመዳብ ቱቦውና ጋዙ አንድ ዓይነት አሠራር ስላላቸው ከላይ የተባለው አብዛኛው ለእርሱም ይሠራል፦ ሳያቋርጥ መሥራት፣ ቀጭ እያለ አለመነሣት፣ የጀርባው ሙቀት መጨመር፣ በአንድ ጥግ ብቻ በረዶ መያዝ። መጀመሪያ የበሩ ጎማ ይታይ፤ ብር በበሩ መሐል አስገብቶ ሲዘጋ ያለ ችግር ከተሳበ ጎማው አይዘጋም። ቀጥሎ ጀርባው ከግድግዳው መራቁና አቧራው መጠረጉ ይታያል። አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር-600ኤ ተቀጣጣይ ስለሆነ እሳት የሚያነድ ብየዳ ያለ ሥልጠና አይሞከርም።

ፍሪጅ ውስጥ ኢንሱሊን የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ምልክቱን ከሌላው ቀድሞ ማየት ይኖርበታል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፤ አንዴ ከበረደ ቢቀልጥም አይወሰድም። በመደርደሪያው ላይ የሚቀመጥ አንድ ትንሽ ቴርሞሜትር ፍሪጁ መድከሙን ወተቱ ከመበላሸቱ በፊት ይናገራል።

መጠገን ወይስ መቀየር

በአግባቡ የተያዘ የቤት ኤሲ ከ10 እስከ 15 ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ አቧራ፣ የባሕር ጨውና የኃይል መዋዠቅ ይህን ያሳጥሩታል። ጥያቄው የሚነሣው ኮምፕሬሰሩ ሲሞት ነው። ማሽኑ ከ5 ዓመት በታች ሆኖ ምክንያቱ ከታወቀ ኮምፕሬሰሩን መቀየር ያዋጣል። ከ10 ዓመት በላይ የሆነ የአር-22 ማሽን ላይ አዲስ ኮምፕሬሰር መግጠም ግን ጋዙ ከገበያ እየወጣ ስለሆነ የሚመከር አይደለም። ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አሠርቶ፣ የመጋጠሚያዎቹን እድፍ አይቶ፣ ሰሌዳውን አንብቦና ማሽኑ ጠፍቶ ከ3 ደቂቃ በኋላ ዳግመኛ ሲነሣ አዳምጦ ይግዛ። የቀዘቀዘ ኮምፕሬሰር የደከመም ቢሆን ሊነሣ ይችላል፤ ድካሙ የሚታወቀው ሲግል ነው።